መሪጌታ ከግድግዳው ጀርባ ያስተማሩኝ ገንፎ

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በደርግ ዘመን፣ ስማዳ ውስጥ በመምህርነት በምሠራበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ቤተሰባችን ውስጥ ሴት በወለደች ቁጥር ግን እንደ አዲስ ይነሣል። ልጆቼ «አባዬ፣ እስቲ ያንን ንገረን» ይሉኛል፤ እኔም ሳወራው አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ታቦር ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ከወገዳ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዬን ኖርኩ። በሁለተኛው ዓመት ሙሉን አግብቼ ይዣት ሄድኩ። የተከራየናት ቤት ትንሽ ናት። ከጎኗ የተቀጠለች ማድቤት አለቻት፤ የማድቤቷ ግድግዳ ግን እንጨቱ ቆመ እንጂ ጭቃ አልተመረገም። አከራያችን «ዝናቡ ሲያባራ እመርገዋለሁ» ሲል ዓመቱ አለቀ። ነፋሱም ጭሱም እንደ ልቡ የሚወጣና የሚገባበት ቤት ነበር።

ሙሉ ስታረግዝ ያሰብነው ደብረ ታቦር እናቷ ዘንድ ሄዳ እንድትወልድ ነበር። ክረምት ትምህርት ስለሚዘጋ አብረን እንወርዳለን ብለን ተዘጋጅተን ነበር። በዚያ ክረምት ግን ለመሠረተ ትምህርት እዚያው እንድቆይ ተመደብኩ። ፈቃድ ብጠይቅ «ከዘመቻው በኋላ» ተባልኩ። ሙሉ ደግሞ «አንተን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች። እናም እናቷ በነሐሴ መጨረሻ መጥታ እንድታርሳት ላክንባት። በእኛ ግምት ልጁ የሚወለደው በመስከረም መግቢያ ነበር።

ከቤታችን አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ከመሪጌታ ላቀው ጋር ነው። መሪጌታ ድጓውን በዜማ ትምህርት በታወቀችው ቤተ ልሔም ተቀምጠው የተማሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ዜማ ሲያነሡ ድምፃቸው ከዚያ ቀጭን ሰውነት ይወጣል ብሎ የሚያምን የለም። እውነቱን ለመናገር እኔና እሳቸው በዚያን ሰሞን ደህና አልነበርንም። የመሠረተ ትምህርቱ ሰዓት ከወረዳ ተወስኖ የመጣ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ፍልሰታ ሲገባ ከቅዳሴው ሰዓት ጋር ተጋጨ። መሪጌታ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «ሕዝቡ ፊደል ይቁጠር፣ ማን ይጠላል? ግን በፍልሰታ፣ በቅዳሴ ሰዓት ሰው መጥራት ምን የሚሉት ነው?» አሉ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ሰዓቱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አልኩ። መሪጌታ ትክ ብለው አዩኝና ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንገናኝ «እንደምን አደርክ» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ቦታ ነው።

በፍልሰታው እኩሌታ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ትልቅ ሽማግሌ አረፉ። ያገሩ ሰው በጠዋት ነቅሎ ለቅሶ ሄደ። ሴቱም፣ ወንዱም፣ ካህናቱም ወንዙን ተሻገሩ። መንደሩ ውስጥ የቀረው መሄድ የማይችል ብቻ ነበር። መሪጌታና አንድ ቄስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይዘጋ ቀሩ።

ሙሉ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ «ወገቤን» ትል ነበር። ውሃ የቀዳሁበት ነው ብላ አልተጨነቀችም፤ እኔም አልተጨነቅሁም። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው ምጥ መሆኑ የታወቀው። ሮጬ እትዬ ጥሩወርቅን ጠራሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ያገሩ አዋላጅ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ለቅሶ አልሄዱም ነበር። እጃቸውን በትከሻዬ ላይ ጥለው፣ ግማሽ መንገድ እኔው ተሸክሜያቸው ደረስን።

ያ ቀን እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። እኔ ደጅ ቆሜአለሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ዝናቡ ሲበርድ ከታች የወንዙ ድምፅ ተሰማኝ። ያንን ድምፅ ያገሩ ሰው ያውቀዋል። ወንዙ ሞልቶ ማንም የማይሻገረው ሲሆን እንደዚያ ነው የሚያጓራው። ለቀስተኛው ሁሉ ማዶ ቀርቷል ማለት ነው። ወገዳ ያለው ጤና ጣቢያም ከዚያው ማዶ ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ወዲያው እትዬ ጥሩወርቅ በዚያች በደከመች ድምፃቸው እልል አሉ። ለሴት የሚባለው እልልታ ከወንድ ያነሰ ነውና በቁጥሩ ሴት መሆኗን አወቅሁ። መሬት ላይ ተደፍቼ ሳምኩ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። እትዬ ጥሩወርቅ ጠሩኝ። ስገባ ሙሉ ከንፈሯ አመድ መስሏል። በሁለት ጋቢ ተሸፍና ትንቀጠቀጣለች። ስሟን ብጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነችው።

«ደሙስ ቆሟል፣ እመቤቴ ትመስገን» አሉ እትዬ። «አሁን የፈራሁት ድካሙን ነው። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የሚሞቅ ነገር ሆዷ ካልገባ እንደተዝለፈለፈች ትቀርብኛለች። ሂድና ሴት ጥራ፣ ገንፎ ይገንፋላት።»

«የትኛዋን ሴት ልጥራ እትዬ? ሁሉም ማዶ ናቸው።»

 አንድ እጃቸው ከሙሉ ሆድ ላይ አልተነሣም፤ ያሹታል፣ ይጫኑታል። «እኔ ከዚህ ብነሣ ደሙ ይመለስብኛል» አሉ። «በል፣ አንተው አገንፋ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ሕፃኗ ትነሣና ታገንፋ?»

ወደ ማድቤት ገባሁ። እኔ ከሻይ በስተቀር ምንም ነገር አፍልቼ አላውቅም። እናቴ ቤት ወንድ ልጅ ማድቤት ሲገባ «ምን ጠፋህ?» ተብሎ ይመለሳል። ደግነቱ ሙሉ ለአራስነቷ የሚሆነውን ሁሉ ቀድማ አዘጋጅታ ነበር። ገብሱን አምሳ፣ ፈትጋ፣ አስፈጭታ፣ ዱቄቱን በከረጢት ሰቅላዋለች። የተነጠረ ቅቤም በቅል አለ።

እንጨቱ ርሷል፣ አልነድ አለኝ። በስንት መከራ ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን አፍሼ ጨመርኩበት። ወዲያው እንደ ጠጠር ጓጎለ። በማማሰያ ብመታው ጉብ ጉቡ ይሽከረከራል እንጂ አይፈርስም። ከሥሩ ያረረው መሽተት ጀመረ። ጭሱ ዓይኔን ሞላው፤ እንባዬ የጭስ ይሁን የሌላ እኔም አላውቅም። ከውስጥ እትዬ «ደረሰ?» ብለው ይጣራሉ።

ያኔ ከግድግዳው ጀርባ ድምፅ ሰማሁ።

«መምህር! ምን እያሳረርክ ነው?»

ቀና ስል በእንጨቱ መሐል መሪጌታ ቆመዋል። ጃንጥላና መቋሚያ ይዘዋል፣ ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ በጭቃ ተለውሷል። እልልታውን ሰምተው «እንኳን ማርያም ማረቻት» ለማለት ነው የመጡት። የሆነውን ነገርኳቸው። 

«ያንን ድፋው» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ እባክዎ ይግቡና ያግዙኝ።»

«አራስ ቤት ገብቼ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እገባለሁ? ካህናቱ ማዶ ቀርተዋል። ለሰዓታቱም ለማኅሌቱም ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ እዚሁ ቆሜ እነግርሃለሁ። አንተ እጅ ሁነኝ።»

መጀመሪያ ወደ ቤታቸው ተመለሱና ደረቅ ኩበት በአጎዛ ጠቅልለው ይዘው መጡ። በእንጨቱ ክፍተት አንድ በአንድ አሾለኩልኝ። እሳቱ ወዲያው ተያያዘ።

«አሁን ድስቱን እጠብ። ቀዝቃዛ ውሃ አምጣ። አዎ፣ ቀዝቃዛ! ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዱቄቱ በእጅህ ዘገን አድርግና በቀዝቃዛው ውሃ በጥብጠው። አንድም ጉብ እንዳይቀር። እንደዚያ። አሁን ጣደው፣ እጅህ እንዳይቆም።»

አማሰልኩ። ትንሽ ቆይቶ እየወፈረ መጣ፣ ሙቅ ሆነ።

«ጨው ጣል አድርግ። አሁን ከዚህ በዋንጫ ቅዳ። ቅቤ ጠብ አድርግበትና ለእትዬ ጥሩወርቅ ስጣት። በማንኪያ በማንኪያ ታጠጣት። የደከመ ሰው ገንፎ እስኪበስል አይጠበቅም። ሂድ፣ ሮጥ!»

ሮጥኩ። እትዬ ሙሉን ቀና አድርገው ማጠጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው ማንኪያ ባገጯ ወረደ። ሁለተኛውን ዋጠችው። ከዚያ በላይ እንድቆም አልፈቀዱልኝም።

ስመለስ መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ ወደ ውስጥ እያመለከቱ ይጠብቁኛል። «ከሙቁ በዚያ ጣሳ ቀንስና አስቀምጥ፣ በኋላ ትፈልገዋለህ። አሁን ዱቄቱን በትን። በአንድ ጊዜ አይደለም! ዶሮ እንደምትመግብ በትን። በሌላው እጅህ ምታው። ድስቱን በእግርህ ያዘው፣ እንዳይንሸራተት። በርታ!»

ሊጡ እየጠጠረ ሲሄድ ማማሰያው አልንቀሳቀስ አለኝ። ጠመኔ ብቻ የለመደ ክንዴ ዛለ። «መሪጌታ፣ አሁንስ በሰለ?» አልኳቸው።

«ገና ጥሬ ነው። ከቀነስከው ጨምርበት፣ አሽተህ ምታው።»

«እስከ መቼ ነው የምመታው?»

ትንሽ አሰቡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አንዲት ዜማ አነሣለሁ። እሷን እስክጨርስ እጅህ እንዳይቆም። እኔ ካቆምኩ አንተም ታቆማለህ።»

በመቋሚያቸው የግድግዳውን እንጨት ቀስ እያሉ እየመቱ የእመቤታችንን ዜማ ጀመሩ። ለቤተ ክርስቲያን በሚያነሡት ድምፅ አልነበረም፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ዝቅ አድርገው ነው። እኔም በምታቸው ልክ ማማሰያውን አዞርኩ። ዝናቡ እንደገና ማንጠባጠብ ጀምሯል። ጃንጥላቸውን ረስተውት ከእግራቸው ሥር ወድቋል። ክንዴ የኔ አልመስል እስኪለኝ ድረስ መታሁ። ዜማዋ ረጅም ናት። አንድ ጊዜ ቆም ያልኩ መስሏቸው በመቋሚያው ጫፍ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ሲጨርሱ «አሁን ቅመሰው» አሉኝ። «ዱቄት ዱቄት ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያው በስሏል። ገበቴውን ቅቤ ቀባና ገልብጠው። መሐሉን በማንኪያ ጉድጓድ አድርገህ ቅቤውን ሙላው። በርበሬ እንዳታበዛ፣ አራስ ናት። ፍልሰታ ነው ብለህ በቅቤው እንዳትሠሥት ደግሞ፤ አራስ ጾም የለባትም።»

ይዤ ገባሁ። ሙሉ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሙቁ ሠርቶላታል፤ መንቀጥቀጧ ቆሟል። እትዬ ጥሩወርቅ ቆንጥረው ቀመሱ፤ ቀና ብለው አዩኝ፣ እንደገና ቀመሱ።

«ይኸ የወንድ እጅ ነው ብል ማን ያምነኛል?» አሉ።

ሙሉ በላች። መጀመሪያ በእትዬ ጉርሻ፣ በኋላ በራሷ እጅ። ፊቷ ላይ ደም እየተመለሰ ሲመጣ በኩራዙ ብርሃን አየሁት። ትንሽ ቆይታ «ልጄን ስጡኝ» አለች። ቀኑን ሙሉ ከሰማሁት ቃል ሁሉ ያንን ያህል ያስደሰተኝ የለም። ሕፃኗ ጡት ስትይዝ አይቼ ወደ ማድቤት ሮጥኩ፤ መሪጌታን ላመሰግን። ሄደዋል። የሰዓታቱ ጸሎት ጊዜ ደርሶባቸው ነው። ከግድግዳው ሥር የተረፈው ኩበት እንዳይርስ በአጎዛው ተሸፍኖ ተቀምጧል።

በማግስቱ ወንዙ ጎደለና የመንደሩ ሴቶች ተመለሱ። ዱቄትም፣ ቅቤም፣ ተልባም ይዘው እየሮጡ ነው የመጡት፤ ብቻዋን ወለደች ተብሎ ተጨንቀው። እትዬ ጥሩወርቅ ግን አንዱንም ሳይደብቁ አወሩላቸው። መምህሩ ገንፎ አገነፋ የሚለው ወሬ ከሦስት ቀበሌ አልፎ ሄደ። መሠረተ ትምህርት ስገባ አንዲት ደፋር ሴትዮ ብድግ ብላ «መምህር፣ ዛሬ ‹ገ›ን በገንፎ አስተምረን» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ሴቶቹ ሳይፈሩኝ መጠየቅና መመለስ ጀመሩ።

ሊቀመንበሩም ሲስቅ አግኝቼው ስለ ሰዓቱ አነሣሁበት። «ከላይ የመጣ ነው» አለ እንደ ልማዱ። ከዚያ ግራ ቀኝ አየና «እስከ ፍልሰታ ፍቺ ከቅዳሴ በኋላ ብትጀምሩ ግን ማን መጥቶ ያያል?» አለኝ። እንደዚያው አደረግን።

አማቴ የደረሰችው በመስከረም ነው። ቤት እንደገባች ልጇን አገላብጣ አየቻት። «ማን አረሰሽ? እንዲህ ወዝሽ ግጥም ያለው በማን እጅ ነው?» አለቻት። ሙሉ ወደ እኔ ጠቆመች። አማቴ እንደ ቀልድ ቆጥራው «በል እስቲ አሳየኝ» አለች። ዓይኗ እያየ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ ጀመርኩ። «እኛ እንዲህ አናደርግም» እያለች አጠገቤ ቆመች። ቀምሳ ስትጨርስ ግን «ዱቄቱን መጀመሪያ ስንት ዘገን ነው ያልከኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክርስትናው በጥቅምት መጨረሻ ሆነ። ልጃችንን ማኅሌት አልናት። መሪጌታም በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን ገቡ። ድግሱን የሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ለመሪጌታ የቀረበችውን ገንፎ ግን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ቆንጥረው ቀመሱና ረጅም ጊዜ አላመጡ። ሰዉ ሁሉ አፍ አፋቸውን እያየ ይጠብቃል።

«አልጓጎለም» አሉ በመጨረሻ። ቤቱ በእልልታ ሞላ።

ሰው ሲበተን ብቻችንን ስንቀር በልቤ የነበረውን ጠየቅኋቸው። «መሪጌታ፣ በዚያን ጊዜ ተቀይመውኝ አልነበር?»

«እንዴታ! አጥብቄ ነው የተቀየምኩህ» አሉ። «ታዲያ ቅያሜው ሌላ፣ አራስ ሌላ።»

«ግን ገንፎውን ማን አስተማረዎ? ተማሪ ቤት ነው?»

«ተማሪ ቤት የለመንኩትን ቁራሽ ነው የበላሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «እናቴ ናት። ሴት ልጅ አልነበራትም። ታናሽ ወንድሜን የወለደች ጊዜ በረሃ ነበርን፣ ጎረቤት የለ፣ ዘመድ የለ። ከመደብ ላይ ሆና እየጮኸች ነገረችኝ፤ እኔ ሠራሁ። ያኔ ማማሰያው ከኔ ይረዝም ነበር። ዜማ ግን አላወቅሁም፤ ‹በስሏል› እስክትለኝ ድረስ ነው የመታሁት።»

በዓመቱ ወደ እስቴ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ መሪጌታን ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማኅሌትን ይዤ ሄጄ እግራቸውን ስትስም መርቀዋታል። ማረፋቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ለተዝካራቸው እንኳ አልደረስኩም፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገንፎው ግን ተሰራጨ። አማቴ ደብረ ታቦር ላሉት እህቶቿ አሳየች። የሙሉ እህት ባሕር ዳር ስታገባ ይዛው ሄደች። እስቴ ጎረቤታችን የነበረች ነርስም ከሙሉ ተምራ አርብ ገበያ ስትዛወር ለአራሶቿ ታዝዘው እንደነበር ነግራናለች። አሁን ልጆቼም፣ የልጆቼ ባሎችም ያውቁበታል። ሁሉም «የመሪጌታ ገንፎ» ነው የሚሉት።

እኔ ግን እንዲህ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር አንዲት ሴት ትታየኛለች። በረሃ ውስጥ፣ ከመደብ ላይ ተኝታ፣ በደከመ አንደበቷ ለልጇ «ቀዝቃዛ ውሃ አምጣ» የምትል። ሚስቴንና ልጄን ለእኔ ያቆየችልኝ እሷም ናት። ስሟን መሪጌታን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። በጸሎቴ መሐል ግን አልዘላትም፤ «የመሪጌታ ላቀውን እናት» ብዬ አነሣታለሁ፤ እግዚአብሔር ማንን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።